ማኅበራዊ ፖሊሲን ስማር የፈረሰ ግምት

ማኅበራዊ ፖሊሲን ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ ትምህርቱ ስለ ድሆች ርኅራኄ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ግምቴን ያፈረሰው ቢስማርክ ነው። ሶሻሊስቶችን በሕግ ያገደው ይህ የጀርመን ቻንስለር፣ እ.ኤ.አ. በ1883 የሕመም፣ በ1884 የሥራ ላይ አደጋ፣ በ1889 ደግሞ የእርጅናና የአካል ጉዳት መድንን ሲያቋቁም፣ ከዓላማዎቹ አንዱ ሠራተኛውን ከሶሻሊስቶቹ ነጥሎ ለመንግሥት ታማኝ ማድረግ ነበር። የጡረታ መነሻው ዕድሜም 70 ዓመት ስለነበር፣ መዋጮውን ሲከፍል ኖሮ ሳይደርስበት የሚሞተው ሠራተኛ ጥቂት አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን በክፍል ውስጥ የሠራነው አንድ ተራ ስሌት ነው። ድጎማ የሚሰጠው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ብቻ ነው እንበል፤ አንዲት እናት ተጨማሪ ሰዓት ሠርታ 100 ብታገኝ፣ ገቢዋ ስለጨመረ ከድጎማዋ 70 ይቀነሳል፣ 20 ለግብር ይሄዳል፣ በእጇ የሚቀረው 10 ነው። ከዚያ ላይ ከ10 የሚበልጥ የልጅ ማቆያ ክፍያ ሲነሳ (ስሌቱን ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ) በመሥራቷ ትከስራለች። ይህን «የድህነት ወጥመድ» ይሉታል። ድጎማውን ለሁሉም እኩል መስጠት የቅነሳውን ችግር ያስቀራል፤ ወጪው ግን ከፍተኛ ግብር ይጠይቃል፣ ክርክራችንም ሁልጊዜ የሚቆመው እዚያው ላይ ነበር።