ግድግዳው ሳይበሳ ደረሰኙን አስቡ

የመብራት ድርጅታችን ለኤሌክትሪክ መኪና የቤት ቻርጀር ለሚያስገጥም ደንበኛ ከወጪው የተወሰነውን እንደሚመልስ ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ነገሩም ቀላል መሰለኝ። ቅጽ እሞላለሁ፣ ደረሰኝ አያይዛለሁ፣ አለቀ። በ11ኛው ቀን መልስ መጣ፤ «ማመልከቻዎ ተቀባይነት አላገኘም።» ከሥሩ ሦስት ምክንያት ተዘርዝሯል። ሦስቱንም ግድግዳው ከመበሳቱ በፊት ባውቃቸው ኖሮ ያለምንም ድካም የሚስተካከሉ ነበሩ። ሌላ ሰው እንዳይደክም ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ቻርጀሩ ለምን እንዳስፈለገን ልንገራችሁ። መኪናውን ለወራት የሞላነው ከተራ ሶኬት ነው። 230 ቮልት በ10 አምፔር ማለት 2.3 ኪሎዋት ነው። ባትሪያችን 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ከ20 በመቶ ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 36 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ይህ በሶኬት 16 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ሲሞላ የሚባክነውን ሳንቆጥር። ማታ ሰክተን ጠዋት ስንነሳ ገና ነው። ይህን እንኳ ለምደነው ነበር። አንድ ሌሊት ግን ውሃ ልጠጣ ተነስቼ ሶኬቱን በእጄ ነካ አደረግኩት። ይፋጃል። ስነቅለው በአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል። ተራ ሶኬት ውሃ ማፍያን ለጥቂት ደቂቃ ይችላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ መሸከም ግን ሌላ ነገር ነው። ትንሽ ላላ ያለች ግንኙነት ካለች እዚያው ትግላለች፣ ስትግል ይበልጥ ትላላለች። ልጆቼ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነው የሚተኙት። በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ።

አሁን ያለን ባለ 32 አምፔር ቻርጀር ነው፤ 7.4 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። ያው 36 ኪሎዋት ሰዓት በ5 ሰዓት ገደማ ይገባል። የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር አለው።

ድርጅቱ ለምን ገንዘብ እንደሚመልስ መረዳት ደግሞ ቅጹን ለመሙላት በጣም ይረዳል። ምሽት ላይ ሁሉም ሰው ቤቱ ይገባል፤ ምድጃው፣ መብራቱ፣ ማሞቂያው አንድ ላይ ይበራል። በዚያው ሰዓት በየቤቱ 7 ኪሎዋት የሚስብ መኪና ቢሰካ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይጨናነቃል። ትራንስፎርመር መቀየር ውድ ነው። መኪናው እኩለ ሌሊት ላይ እንዲሞላ ማድረግ ግን ከዚያ በጣም ይረክሳል። ስለዚህ የሚፈልጉት ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝ፣ ሰዓት ሊያዝለት የሚችል ቻርጀር ነው። የተፈቀዱ ሞዴሎች ዝርዝር ያወጡትም ለዚህ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ስም ፊደል በፊደል አመሳክሩ። መልካቸው አንድ ሆኖ አንዱ ዋይፋይ ያለው፣ ሌላው የሌለው ቻርጀር አለ፤ ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ብቻ ልትሆን ትችላለች። ይቺን እንኳ እኔ በደንብ አይቻታለሁ።

ያላየሁት ሌላውን ነው። የመብራት ቆጣሪው በባለቤቴ ስም ነው፣ ደረሰኙ በእኔ። ይህ የመጀመሪያው ምክንያት ነበር። ደረሰኙን ወደ እሱ ስም እናዙር ብለን አሰብን፤ ግን የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ የባንኩም ማስረጃ የእኔን ስም ነው የሚለው። አንዱን ስናስተካክል ሌላው ሊበላሽ ነው። በመጨረሻ የመብራት ውሉ ላይ የእኔም ስም እንዲጨመር አመለከትን። አምስት ቀን ፈጀ።

ሁለተኛው ደረሰኙ ራሱ ነው። አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ «ቻርጀር ከነመግጠሚያው»፣ ከዚያ ድምሩ። ድርጅቱ ለዕቃው የሚመልሰው ሌላ፣ ለሥራው የሚመልሰው ሌላ፣ ለእያንዳንዱም ጣሪያ አለው። ካልተዘረዘረ ምኑን ከምኑ ይለያል? ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደረሰኙን ዘርዝረው ሊጽፉልኝ ይችላሉ?»

«ምን ችግር አለው ልጄ። ሰው ሁሉ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የሚነግረኝ። ቀድሞ ቢነገረኝ በአንዱ እጨርሰው ነበር።»

በማግስቱ ራሳቸው ይዘውት መጡ። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን መስመር አነበቡልኝ። ቻርጀሩ ከነሞዴሉና ከነመለያ ቁጥሩ። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ፣ 14 ሜትር። ባለ 40 አምፔር ብሬከር። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቆርጠው መከላከያ። የእጅ ዋጋ ለብቻው። የሙያ ፈቃድ ቁጥራቸው፣ የተገጠመበት ቀን፣ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል» የሚል ቃልና ፊርማ። እንዲህ ያለ ደረሰኝ አይቼ አላውቅም። ሥራውን ከሠራው ሰው በላይ ሥራውን የሚያብራራ የለም።

ሦስተኛው ፎቶ ነበር። የመለያ ቁጥሩን ፎቶ የላክሁት ከካርቶኑ ላይ አንስቼ ነው። እነሱ የሚፈልጉት ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ዕቃ ነው፤ ዕቃው ተገጥሞ እየሠራ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነዋ። ተለጣፊው ደግሞ ከቻርጀሩ ሆድ ሥር ነው። ስልኩን ከሥሩ አስገብቼ ሳነሳ ፍላሹ አንጸባርቆ ነጭ ብቻ ሆነ። ፍላሹን አጠፋሁ፤ ጨለመ። በኋላ ባለቤቴ የእጅ ባትሪ ይዞ ከጎን አበራልኝ፤ ከፊት ሳይሆን ከጎን። ያኔ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ወጣ። አጉልቼ ከደረሰኙ ጋር ሳመሳክረው 8 ብለን የጻፍነው ለካ የእንግሊዝኛው ቢ (B) ነው። ያ ስህተት እንዳለ ቢሄድ ለሦስተኛ ጊዜ መመላለስ ነበር። እናንተ ቻርጀሩ ከመሰቀሉ በፊት ተለጣፊውን በእጃችሁ ይዛችሁ አንብቡት፣ ከተሰቀለ በኋላ ደግሞ ፎቶ አንሱት።

እግረ መንገዴን ሁለት ነገር ልጨምር። ቀነ ገደቡ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር እዩ። የእኛ ከተገጠመበት ቀን ነበር፤ ሁለተኛውን ማመልከቻ ስንልክ የቀረን 9 ቀን ብቻ ነው። ሌላው፣ ሳይገጠም በፊት ፈቃድ የሚጠይቁ ድርጅቶች አሉ። እንደዚያ ከሆነ ቀድሞ ማስገጠም ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ያሳጣል።

ገንዘቡ እንዲመለስልን የፈረምኩትን ውልም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መስመሩ በሚጨናነቅባቸው ሰዓቶች ድርጅቱ የቻርጀሩን ኃይል ለጊዜው ዝቅ ማድረግ ይችላል። ተስማማሁ። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ነው የሚያድረው፤ 5 ሰዓቱን ከየትም ያገኘዋል። በአስቸኳይ የምንፈልገው ቀን ቢመጣ ደግሞ ከስልኬ ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኜ ማስቀረት እችላለሁ። ይህ ቁልፍ ባይኖር አልፈርምም ነበር።

ሁለተኛው መልስ ባለፈው ሳምንት መጣ፤ ጸድቋል። ገንዘቡ ባንክ አይገባም፣ ከሚቀጥሉት የመብራት ክፍያዎቻችን ላይ እየተቀነሰ ይሄዳል። ቻርጀሩን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከነቀልነው የተቀነሰልንን እንመልሳለን። ስለዚህ ደረሰኙን፣ ፎቶውንና ውሉን አንድ ላይ አድርጌ ከብሬከር ሳጥኑ በር ውስጥ በፕላስቲክ ለጥፌዋለሁ።