«በየትኛው ወር?»

የማስተርስ ጥናቴ ጎጃም ውስጥ ከተማ፣ ጤና ጣቢያና የቱሪስት መስህብ የት የት እንዳለና ሰው እንዴት እንደሚደርስበት ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ አንብቡኝ። እኔን የነገረኝ አልነበረም።

መጀመሪያው ቀላል ነው። የድጋፍ ደብዳቤ አጻፍኩ፣ ስልኬን ይዤ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በአስፋልቱ ለካርታዬ የየቦታውን የጂፒኤስ ነጥብ እየሰበሰብኩ ሄድኩ። ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ። ካርታው ላይ ሲቀመጡ ክር ላይ የተሰካ ዶቃ ይመስላሉ። ዘንገና ሐይቅም ዕድለኛ ነው፤ እንጅባራ ሳይደረስ አስፋልቱ ዳር ነው፣ ከሚኒባስ ወርዶ በእግር።

ጉዱ የመጣው ከአስፋልት ስወጣ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሳልወጣ ነው።

ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ ከሦስት «ነገ ና» በኋላ፣ የጤና ተቋማት ዝርዝር ተሰጠኝ። መለኪያቸው የሰው ብዛት ነው። በገጠር ለ25,000 ሰው አንድ ጤና ጣቢያ፣ ለ5,000 ሰው አንድ ጤና ኬላ። ቁጥሩ ከሞላ «ተሸፍኗል» ይባላል። እኔ ደግሞ ከነሱ የተሻልኩ መስሎኝ በየጤና ጣቢያው ዙሪያ የ5 ኪሎሜትር ክብ አዞርኩ። ክቡ ውስጥ የገባ ቀበሌ አረንጓዴ፣ የቀረው ቀይ። ካርታው አምሮ ወጣ። አንድ ኮፒ በትልቁ አሳትሜ ለመሥሪያ ቤቱ ሰጠሁ፤ ወደዱት።

አማካሪዬ ግን «ሁለት ቀበሌ ሄደህ አረጋግጥ» አለኝ። ነሐሴ ላይ ሄድኩ።

ጎጃምን ዓባይ በሦስት በኩል አቅፎታል። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች፣ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ሁሉም ወደ እሱ ሲሮጡ መሬቱን ሰነጣጥቀውታል። የእኔ አረንጓዴ ቀበሌ ከእንዲህ ያለ ገደል አንዱ አፋፍ ላይ ነው። ከማዶ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ስልኬ 4 ኪሎሜትር ይላል። ታች ወንዙ ደፍርሶ ድንጋይ ያንከባልላል፤ ድምፁ እኛ ድረስ ይሰማል።

አንድ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ምን ትለካለህ ልጄ?»

«ጤና ጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቅ ነው አባባ።»

«በየትኛው ወር?»

መልስ አጣሁ። በበጋ ወርዶ መውጣቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ክረምት ሲገባ ድልድይ ወዳለበት ዞሮ ለመሄድ ከጠዋት ተነስቶ ከሰዓት ነው የሚደረሰው። አምና ሐምሌ ምራታቸውን ምጥ ይዟት በቃሬዛ የወሰዷት በዚያ ነው፣ ስምንት ሰው እየተቀያየረ። ቃሬዛው ዛሬም ከቤታቸው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት፣ መሐሉ ጠፍር። ትከሻ የሚያርፍበት ቦታ ልጡ አልቆ ለስልሷል።

«እሷስ ተረፈች» አሉኝ። ስለ ሕፃኑ አልጠየቅኩም።

ስመለስ ለመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ነገርኩት። «ሽፋን ውስጥ ነው፣ ሪፖርት ተደርጓል» አለኝ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ግን እኮ ያንን ቀበሌ አረንጓዴ የቀባሁት እኔው ነኝ።

ካርታውን እንደ አዲስ ሠራሁት። ስለዚህ ምክሬ፦ መመሪያው የፈለገውን ይበል፣ ኪሎሜትር አትጻፉ። የእግር ሰዓት ጻፉ፣ በጋና ክረምቱን ለየብቻ። «መንገድ አለ ወይ?» ብላችሁም አትጠይቁ፤ ሁሌም አለ ነው መልሱ። «መኪና በየትኛው ቀን ይገባል?» በሉ። ብዙ ቦታ የሚገባው በገበያ ቀን ብቻ ነው።

መስህብ ላይም ተሸውጃለሁ። የዓባይ ምንጭ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው። ቲሊሊ ላይ ፍርፍር ጥርግ አድርጌ በልቼ፣ በጥርጊያው መንገድ ስናጥ ደረስኩ። ጠበሉ ጋ «ቀምሰሃል?» አሉኝ። በልቶ አይገባም። እዚያው አድሬ በማግስቱ በባዶ ሆዴ ሄድኩ። የመስህብ ቅጼ ላይ መንገድ፣ መኪና፣ አልጋ የሚል ዓምድ ነበረው። ቁርስ የሚል አልነበረውም።

አዲሱን ካርታ አሳትሜ ለመሥሪያ ቤቱ ወሰድኩላቸው። ዘርግተው አዩት። «ይሄኛው ቀይ በዛበት» አሉኝ። አረንጓዴው እንደተሰቀለ ነው።