የእማዬ መጅ

ዛሬ አመሻሹ ላይ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም። ቤት መቀመጥ ስላስጠላኝ ነው። ከሰዓት በኋላ የተነሳው ነፋስ ገና አልበረደም፤ ጣና ዳርቻውን እየመታ ይመለሳል። ባለ ታንኳዎቹ ሥራ ጨርሰው እየወጡ ነበር። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳውን ከሐይቁ አውጥተው እንዲንጠፈጠፍ ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። አምስት ስድስት ታንኳ ጫፉን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቆሟል። ፀሐይዋ ከኋላቸው ስትጠልቅ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኑ።

የትክል ድንጋዮቹ ጥያ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

አንድ ጊዜ ወደዚያ ያደረግኩት ጉዞ ትዝ አለኝ። በአሮጌዋ ቪትዝ፣ ብቻዬን፣ ማንንም ሳላማክር የወጣሁት። መንገዱ እንደ ልብ የሚነዳበት ጊዜ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር ተነሳሁ። ዳንግላ ላይ ነጋልኝ። የእንጅባራ ብርድ መስኮት አዘጋኝ። ደብረ ማርቆስ ቁርሴን በላሁ። አዲስ አበባ አድሬ በማግስቱ በአለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ያዝኩ። መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ከተሻገሩ በኋላ ጥያ ሩቅ አይደለም።

ከመሄዴ በፊት ስለ ጥያ የማውቀው ቁጥር ብቻ ነበር። 36 ትክል ድንጋይ፣ 32ቱ የተቀረጹ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ከአክሱም ጋር በአንድ ዓመት በዩኔስኮ የተመዘገቡ። ስደርስ ቁጥሩ ሁሉ ጠፋኝ። ሜዳ ላይ ቆመዋል፣ በቃ። አስጎብኚው ከአንዱ ወደ አንዱ እየወሰደ አሳየኝ። ሰይፍ። ሰይፍ። እንደገና ሰይፍ። ክብ ምልክት፣ የእንሰት ቅጠል የሚመስል ነገር። የሰይፉ ብዛት ሟቹ የጣለው ጠላት ቁጥር ነው ይባላል አለኝ። ከሥር መቃብር ነው። ተቆፍሮ ሲታይ ሰዎቹ እንደ ፅንስ ተኮራምተው ነው የተገኙት። የአገሬው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይለዋል፤ ድንጋዮቹ ግን ከግራኝ ዘመን በፊት የቆሙ ናቸው።

አንዱ ፊት ብዙ ቆምኩ። የሰይፉን ጠርዝ ዝናብ አልስልሶታል። ይህን የወቀረ ሰው ስሙን አላስቀመጠም። የሟቹንም አላስቀመጠም። እማዬ ወፍጮዋን ራሷ ስትወቅር የሚሰማው ያ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ዛሬ ጠዋት ከእብነ በረድ ቤቱ ተደውሎልኝ ነበር። ቤት መቀመጥ ያስጠላኝ ለካ ለዚህ ነው። ታናሽ እህቴ ለእማዬ መቃብር ድንጋይ ብር ከላከች ሁለት ወር ሆናት። ጥቁር እብነ በረድ፣ ፎቶዋ ያለበት። «ምን ብለን እንጻፍ?» አለኝ ልጁ። ስሟን ነገርኩት። «የተወለዱበት ዓመትስ?» እማዬ የተወለደችው ጣሊያን በወጣ ማግስት ነው። ሌላ ቀን አታውቅም። «ጋሼ፣ ቁጥር ያስፈልጋል» አለ በትሕትና። እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁት።

የሷን እጅ የማውቀው በመጁ ነው። ወፍጮ ቤት በየሰፈሩ ከሞላ በኋላም ድልህና ቅመሙን በድንጋይ ነበር የምትፈጨው። መዳፏ የሚያርፍባቸው ሁለቱ ጫፎች እንደ ሳሙና ልሰው ነበር። የግራው ከቀኙ ይበልጥ ጎድጉዷል። ግራኝ ነበረች።

ለጥያ የተነሳሁ ሌሊት ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። የመኪናውን የኋላ በር አስከፍታ መጁን ዕቃ መጫኛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባይ በረሃ ታኮ ያስፈልግሃል።»

«እዚያ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?» አልኳት።

«ይሄ አይከዳህም» አለች።

ስመለስ ከጎሃ ጽዮን ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ወደ ደጀን ዳገቱን ስወጣ ሞተሩ ጋለ። ዳር አወጣሁ። መጁን የኋላው ጎማ ሥር ሸጎጥኩት። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅሁ፣ ውሃ ጨመርኩ። አንድ አይሱዙ ከኋላዬ ጥሩምባውን ሲያንባርቀው ደንግጬ መኪናዋ ውስጥ ዘለልኩ። ሞተሩ ሲነሳልኝ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ዝም ብዬ ነዳሁ። መጁን ያስታወስኩት ቡሬ ስደርስ ነው። መሽቷል። ወደ ኋላ ዞሬ መንገዱን አየሁና ወደፊት ቀጠልኩ።

ቤት ገብቼ ስነግራት «አንተ ተመለስክ አይደል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ ሌላ መጅ አልገዛችም። ድልሁንም ሰው አስፈጭቶ ያመጣላት ጀመር። ደክሟት መስሎኝ ነበር።

ወፍጮው ዛሬም ግቢው ውስጥ፣ ጌሾው ሥር አለ። መሐሉ ተበልቶ እንደ ገንዳ ሆኗል። ክረምት ውሃ ይይዛል፤ ወፎች ይጠጡበታል። ታናሽ እህቴ መጁ የት እንደገባ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም። የዚያ ድንጋይ ቦታ በድንገት ዛሬ ማታ አንገበገበኝ። ዳገቱን አጋምሰህ ስትታጠፍ፣ በግራ በኩል፣ ገደሉን የሚከልል አጥር ያለበት። ዓይኔን ጨፍኜ እደርስበታለሁ።

የሆነ ረዳት አንስቶ ገደል ወርውሮት ይሆን? ለሌላ መኪና ታኮ ሆኖ ደጀንን አልፎ ሄዶ ይሆን? ወይስ አንድ እረኛ አግኝቶት፣ የዚህ ድንጋይ ግራ ጫፍ ለምን እንዲህ ጎደጎደ ብሎ መዳፉን አሳርፎበት ያውቅ ይሆን?