የሻንጣው ነገር

ትናንት ከአማካሪዬ ጋር ስንገናኝ አምስተኛ ጊዜያችን ነበር። ወሬዬ እንደተለመደው ዞሮ ዞሮ 1999 ዓ.ም. ላይ አረፈ፤ ዲቪ ደርሶኝ፣ ፎርሙን ሞልቼ፣ ለኢንተርቪው ሳምንት ሲቀረኝ የተውኩበት ዓመት። «እናቴ ስኳር ስለነበረባት አስቀረችኝ» እያልኩ ለዘመድም ለጓደኛም ስናገር ኖሬአለሁ። አማካሪዬ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እናትህ አትሂድ ብለውህ ነበር?» አሉኝ። እንኳን አትሂድ ልትለኝ፣ መርካቶ ወርዳ ቡናማ ሻንጣ የገዛችልኝ እሷው ናት። ይህን ስመልስ ድምፄ ሲሰበር ለራሴ ተሰማኝ።

እሳቸው የሚከተሉት ህልውናዊ የሚባለውን የሳይኮቴራፒ፣ ማለትም በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ መንገድ ነው። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኢርቪን ያሎም በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ሁሉ ከሞት፣ ከነጻነት፣ ከብቸኝነትና ከትርጉም ማጣት ጋር እንደሚፋጠጥ ጽፏል። ስለ ሞት ልቅሶ ቤት ብዙ አስተምሮናል፤ ስለ ብቸኝነት ያለውን ግን እድርተኛ በር በሚያንኳኳበት ሰፈር ላደገ ሰው መቀበል ይከብዳል። እኔን የያዘኝ ነጻነቱ ነው። በዚህ አካሄድ ነጻነት ማለት «የመረጥኩት እኔ ነኝ» ብሎ ኃላፊነቱን መውሰድ ስለሆነ፣ ሰበብ ስደረድር የኖርኩት ከእሱው ስሸሽ ኖሯል።

ማታ አይሁዳዊው የኦስትሪያ የሥነ አእምሮ ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ትዝ አለኝ። ቪየና ሳለ የአሜሪካ ቪዛ አግኝቶ ነበር። ወላጆቹን ለናዚዎች ትቶ መሄዱ ከብዶት ሲያመነታ፣ አባቱ ከፈረሰ ምኩራብ አንሥተው ቤት ያመጡት የእብነ በረድ ስባሪ «አባትህንና እናትህን አክብር» ከሚለው ትእዛዝ የተረፈ መሆኑን ሰማና ቪዛው እንዲያልፍ ተወው። በ1942 እ.ኤ.አ. ከነሚስቱና ከነወላጆቹ ወደ ናዚዎች ማጎሪያ ተጋዘ፤ ሦስቱም አልተመለሱም። የእኔን ዲቪ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ያሳፍራል፤ ያም ሆኖ ውሳኔውን የራሱ አድርጎ መተረኩ አስቀናኝ።

እኔስ ለምን ቀረሁ? ፈርቼ ነበር፤ እንግሊዝኛውን፣ ብርዱን፣ የማላውቀውን አገር። ለእናቴ መሳሳቴም እውነት ነው፤ የቱ ምን ያህል እንደነበረ ግን መለየት አቃተኝ። አማካሪዬም አልለዩልኝም፤ «ሐሙስ እንቀጥላለን» ብለው ሸኙኝ።

ዛሬ እናቴ ቤት ምሳ ከበላሁ በኋላ ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አወረድኩት። ጋቢዎቿን አስቀምጣበታለች። እጀታው ላይ የተጠመጠመው ፕላስቲክ እስካሁን አልተነሣም።