በካሜራ ስንለካ ዕቃውን ምን ይያዘው?

በማይክሮስኮፕ ወይም በካሜራ መለካት የሚጀምር ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ሌንስ ላይ ነው። ልኬቱን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌንሱ ሥር ያለው የዕቃው አያያዝ ነው። አምስት ሜጋፒክስል ያለው ተራ የዩኤስቢ ካሜራ፣ በአግባቡ ከተስተካከለ፣ የ40 ሚሊሜትር ዕቃ ጠርዝን እስከ 0.01 ሚሊሜትር ድረስ ይለያል። ዕቃው ሳይታወቅ አንድ ዲግሪ ካዘነበለ ግን ስህተቱ የዚያ አራት እጥፍ ይሆናል። ሌንስ መቀየር ይህን አያድነውም።

ምሳሌ እንዲሆነን ጠገራ ብር (የንግሥት ማሪያ ቴሬዛን ምስል የያዘውን የብር ገንዘብ) እንውሰድ። ጎንደር ላይ ለማግኘት የማያስቸግር፣ ለመለካትም የሚያስቸግር ዕቃ ነው። የትም ይታተም መቼ ዓመቱ 1780 ተብሎ ስለሚጻፍ አንዱን ከሌላው ለመለየት ዝርዝሩን መለካት ግድ ይላል። ዲያሜትሩ 39.5 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 28 ግራም ነው። ከሥሩ ብርሃን አብርተን ጥላውን ከላይ ስናነሳው አንድ ዲግሪ ቢያዘነብል ዲያሜትሩ የሚያጥረው በ0.006 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን አስልቶ ይጽናናል። ነገር ግን ብሩ ውፍረት አለው፤ ሲያዘነብል የጎኑ ግድግዳ ጥላው ውስጥ ይገባና 0.044 ሚሊሜትር ይጨምርበታል። ተደምሮ ብሩ በ0.038 ሚሊሜትር ተልቆ ይታያል። አንድ ዲግሪ ማለት አንደኛው ጠርዝ ከሌላኛው በ0.7 ሚሊሜትር ከፍ ማለቱ ነው፤ በፕላስቲሲን (ልጆች ቅርጽ በሚሠሩበት ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር) ላይ ለተጫነ ሳንቲም ይህ በቀላሉ የሚደርስ ነው።

ከፍታውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ተራ ሌንስ የቀረበውን ያተልቃል። ሌንሱ ከዕቃው 100 ሚሊሜትር ቢርቅና ስኬሉን (በሥዕሉ ላይ ያለውን ርቀት ወደ ሚሊሜትር የምንቀይርበትን ማስመሪያ) ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ብናስተካክል፣ ከዚያ 2.5 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ያለው የብሩ የላይኛው ጠርዝ በ2.5 ከመቶ ይተልቃል። ይህም አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው! ቴሌሴንትሪክ ሌንስ፣ ማለትም ዕቃው ቢቀርብም ቢርቅም መጠኑን የማይለውጥ ሌንስ፣ ይህን ያስቀራል፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። የድሃው መፍትሔ ስኬሉን የሚለካው ጠርዝ ባለበት ከፍታ ላይ ማስቀመጥ ነው፦ ዕቃው የሚቀመጥባቸው ድጋፎች ላይ፣ ከሥሩ በካሊፐር የተለካ ማሳደጊያ አስገብቶ።

ድጋፎቹ እንዴት ይሁኑ? ማንኛውም ጠጣር ዕቃ የሚንቀሳቀስበት መንገድ ስድስት ነው፤ በሦስት አቅጣጫ ይንሸራተታል፣ በሦስት ዘንግ ዙሪያ ይዞራል። ስለዚህ ስድስት መንኪያ ነጥብ ይበቃዋል። ሦስት ከሥር፣ ሁለት ከአንድ ጎን፣ አንድ ከሌላ ጎን። ሰባተኛ ነጥብ ስንጨምር ዕቃው አይጠነክርም፤ ከሰባቱ የትኞቹን ስድስት እንደሚነካ በየጊዜው ይቀያይራል እንጂ። ምጣድ በሦስት ጉልቻ የሚቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አራተኛው ቢመጣ አንዱ ሥራ ፈት ይሆናል። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ የተቀመጠ ጠፍጣፋ ዕቃም እንዲሁ ሦስት ቦታ ብቻ ነው የሚነካው፤ ልዩነቱ የትኛዎቹን ሦስት እንደሆነ አለማወቃችን ነው።

ለጠገራ ብሩ የሚሆነው መቀመጫ ይህን ይመስላል። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ላይ፣ ዲያሜትሩ 38 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ተሥሎ፣ 3 ሚሊሜትር የሆኑ ሦስት የኩሽኔታ ኳሶች በ120 ዲግሪ ልዩነት በኤፖክሲ ይለጠፋሉ። ክቡ 38 የሆነው የብሩ ዳር ከፍ ያለ ቀለበት ስላለው ነው። ኳሶቹን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ 34 ላይ ብታደርጓቸው አንዱ ፊደል ሥር፣ አንዱ ባዶ ቦታ ላይ ያርፍና ብሩ ያዘነብላል። ከሁለቱ ኳሶች ትይዩ፣ በብሩ ተቃራኒ ዳር፣ የብሩን ጎን የሚደግፉ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ይቆማሉ። ከተሰበረ የትራፓኖ ፑንታ የተቆረጠ ለስላሳ ጭራ ጥሩ ዘንግ ይወጣዋል። ኳሶቹም ዘንጎቹም ከጥላው ዳር ብቅ ስለሚሉ በእነሱ ላይ የሚያልፈውን ዲያሜትር አትለኩ። የመጀመሪያው ኳስ ዜሮ ዲግሪ ላይ ነው ካልን ነጻ የሚሆኑት በ30፣ በ90 እና በ150 ዲግሪ የሚያልፉት ሦስት ዲያሜትሮች ናቸው፤ ሦስቱን መለካት ክብነቱንም ያሳያል። ስድስተኛው ነጥብ፣ ማለትም መዞርን የሚከለክለው፣ ለክብ ዕቃ አያስፈልግም። ሆኖም ጠገራ ብር በጎኑ ዙሪያ ከፍ ያለ የላቲን ጽሑፍ ስላለው የምትለኩት ጫፍ ፊደል ላይ ነው ወይስ በፊደሎች መካከል የሚለው ይለያያል። ስለዚህ የንግሥቲቱን ምስል ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሩ። ብሩን በእንጨት ስንጥር ወደ ዘንጎቹ ገፋ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ 28 ግራም ክብደቱ ቀሪውን ይሠራል።

ማሰር የሚያምረን ግን እዚህ ላይ ነው። ሞርሳ አለ፣ መቆንጠጫ አለ፣ ለምን አናጠብቀውም? የጠበቀ ሁሉ የተረጋጋ ስላልሆነ። ሮንዴላን ወይም ቀጭን ቡሽን በሞርሳ ጨብጣችሁ ብትለኩት የምታገኙት ሞላላ የሆነ ዕቃ ልክ ነው፤ ሲለቀቅ ተመልሶ ክብ ይሆናል፤ ቶርኖ ቤት የተላከው ቁጥር ግን የሞላላው ነው። መያዝ ግድ ከሆነ መያዣው የሚጫነው ልክ ከድጋፉ በላይ ይሁን፤ ያኔ ኃይሉ ዕቃውን ሳያጎብጥ በቀጥታ ወደ መቀመጫው ይወርዳል። በሁለት ድጋፎች መካከል የሚጫን መያዣ ላሜራን ያጎብጣል። ማግኔትም እንዲሁ ነው፦ ቀጭን ብረትን ይስባል፣ ያጎብጣል፣ ሲነሳም ዕቃው ማግኔትነት ይዞ የብረት ብናኝ ይሰበስባል።

ለሻፍት ሁለት ቪ-ብሎክ (የቪ ቅርጽ ያለው ቦይ የተቆረጠባቸው ድጋፎች) እና በጫፉ አንድ ኳስ ይበቃል። ልብ የሚባለው፣ በ90 ዲግሪ ቪ ላይ የሻፍቱ ዲያሜትር በ1 ሚሊሜትር ሲለያይ መሐሉ በ0.7 ሚሊሜትር ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው፤ የተለያየ መጠን ያላቸውን ስትለኩ ፎከሱን ብቻ ሳይሆን ስኬሉንም እንደገና ማስተካከል ግድ ይላል። ረጅምና ቀጭን ዘንግ ከሆነ ቪዎቹን ከየጫፉ የርዝመቱ 22 ከመቶ ገደማ ላይ አድርጓቸው፤ በራሱ ክብደት መጉበጡ ርዝመቱን በጣም ትንሽ የሚነካው እዚያ ሲደገፍ ነው።

አሁን ስለ ማጣበቂያ፤ ብዙ ልኬት የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ። ፕላስቲሲን ሲጫኑት የቆመ ይመስላል እንጂ ለረጅም ደቂቃዎች ቀስ እያለ መስመጡን አይተውም፤ የመብራቱ ሙቀት ሲያገኘው ይብስበታል። ስፖንጅ ያለው ባለ ሁለት ፊት ፕላስተርም የዚሁ ወንድም ነው፤ ስስ የሆነው ይሻላል። ሱፐር ግሉ ሌላ ችግር አለው፦ ትነቱ ያብረቀረቀ ብረት ላይና ሌንስ ላይ ነጭ ብናኝ ይጥላል። የሙቀት ሙጫ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ዕቃውን ይጎትተዋል። ለጥቂት ጊዜ ለመያዝ ከሁሉ የሚሻለው እጃችን ላይ ያለው የማር ሰም ነው። ጧፍ በቂ ነው፤ ፓራፊን የተቀላቀለበት እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ። ንጹሕ ሰም የሚቀልጠው 62 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዕቃውን መጀመሪያ በሦስቱ ድጋፎች ላይ አስቀምጡ፤ ሰሙን አቅልጣችሁ በጎኑ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ አድርጉ፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሰሙን ከዕቃው ሥር አታድርጉ። ሥሩ ከገባ ከፍታውን የሚወስነው ሰሙ ይሆናል፤ ድጋፎቹም ትርጉም ያጣሉ። ሲያበቃ በጥፍር ይነሳል፤ ቀሪው በቤንዚን ይጠረጋል።

ዕቃውን እያነሱ ሌላ ሥራ ሠርተው እዚያው ቦታ መመለስ ለሚፈልጉ ደግሞ ተነቃይ ሳህን መሥራት ያዋጣል። ከላይኛው ሳህን ሥር ሦስት ኳሶች ይለጠፋሉ። ከታችኛው ሳህን ላይ፣ ለመጀመሪያው ኳስ ተቃቅፈው የተለጠፉ ሦስት ኳሶች ጎጆ ይሆኑታል፤ ለሁለተኛው ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት ዘንጎች ቦይ ይሆኑለታል፤ የቦዩ አቅጣጫ ወደ ጎጆው ያመልክት። ሦስተኛው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያርፋል። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ በድምሩ ስድስት ነጥብ። አምስት ደቂቃ የሚባለውን ኤፖክሲ ተውት፤ ሃያ አራት ሰዓት የሚፈልገው ሲደርቅ የበለጠ ይጠነክራል። ቀዳዳ በትክክል መብሳት አያስፈልግም፤ የዚህ አሠራር ውበቱም ይኸው ነው። ጠላቱ አቧራ ነው። በበጋ ነፋስ መስኮት የተከፈተበት ክፍል ውስጥ ኳሶቹን በየጊዜው በአልኮል ካልጠረጋችኋቸው ሳህኑ የሚቀመጠው አቧራው ላይ ነው።

ንዝረትን በተመለከተ ሰዎች ጠረጴዛውን ከምድር ለመለየት ይደክማሉ። ካሜራው የሚያየው ግን በሌንሱና በዕቃው መካከል ያለውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ሁለቱ አብረው ቢወዛወዙ ሥዕሉ ምንም አይሆንም። ስለዚህ ከሌንሱ ተነሥቶ በክንዱ፣ በምሰሶው፣ በመሠረቱ አልፎ እስከ ዕቃው ያለው መንገድ አጭርና ደንዳና ይሁን። ምሰሶው በግማሽ ቢያጥር መጉበጡ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ከ12 ሚሊሜትር ዘንግ ወደ 25 ብትቀይሩት ጥንካሬው ወደ 19 እጥፍ ይደርሳል። ከዩኤስቢ ማይክሮስኮፕ ጋር የሚመጣውን ያን ቀጭን ተጣጣፊ አንገት ጣሉት፤ ለመለካት የተሠራ አይደለም።

ይህ ከተደረገ በኋላ ነው ስለ ወለሉ ማሰብ የሚገባው። በኮብልስቶን ላይ የሚያልፍ ባጃጅና የጎረቤት ወፍጮ ፎቅ ላይ በደንብ ይሰማሉ፤ መሬት ቤት ሁልጊዜ ይሻላል። ከደረጃ ሥራ የተረፈ 60 በ40 ሴንቲሜትር፣ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ይህን በግማሽ በተነፋ የሞተር ሳይክል የውስጥ ጎማ ላይ አስቀምጡት። ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት በሰከንድ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ቢወዛወዝ ጥሩ ነው። ከዚያ ፈጥኖ የሚመጣውን ንዝረት ይቀንሳል፤ በዚያው ፍጥነት የሚመጣውን ግን ያባብሰዋል፤ ስለዚህ የጠረጴዛው እግር የሚንገዳገድ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ንዝረት መኖሩን ለማየት መቀመጫው ላይ ትንሽ መስታወት አድርጋችሁ የሌዘር ጠቋሚ ነጸብራቁን 5 ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ ተመልከቱ። ነጥቡ 1 ሚሊሜትር ቢንቀሳቀስ መስታወቱ አንድ አሥር ሺህኛ ራዲያን አዘንብሏል ማለት ነው። ወደ ዓይን እንዳይመለስ አደራ።

ካሜራውን በእጅ ከመጫን የሁለት ሰከንድ ቆጣሪ ተጠቀሙ። መብራቱ ከግድግዳ የሚመጣ ከሆነ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባል፤ ሥዕሉ ላይ ጥቁር ሰንበር ካያችሁ የሹተሩን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 አድርጉት። በፓወር ባንክ የሚሠራ ኤልኢዲ ከዚህም ከመብራት መቆራረጥም ያሳርፋል።

ሙቀት ቀርፋፋ ንዝረት ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። የልኬት መነሻው ከ1931 ጀምሮ 20 ዲግሪ ነው። በበጋ የጎንደር ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በክፍል ውስጥ 10 ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ያ ለጠገራ ብሩ 0.0075 ሚሊሜትር፣ ለ100 ሚሊሜትር ብረት 0.0115 ሚሊሜትር ነው። የሚበልጠው ግን የማቆሚያው ጉዳይ ነው። 200 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ምሰሶ በ5 ዲግሪ ሲሞቅ በ0.023 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ሌንሱ ከፍ ሲል ብሩ በ0.009 ሚሊሜትር አንሶ ይታያል። ዕቃውን በእጅ ሳይሆን በመቆንጠጫ አንሱት፤ ከያዛችሁትም ግማሽ ሰዓት ተዉት። ፒያሳ ያሉት ወፍራም ግድግዳ ያላቸው የጣሊያን ዘመን ቤቶች ምድር ቤታቸው ለዚህ ሥራ ከአዲሱ ፎቅ የተሻለ ነው።

ይህ ሁሉ መሥራቱን የሚያረጋግጠው አሥር አሥር ፎቶ ማንሳት ነው። መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ አሥር። ቀጥሎ ዕቃውን እያነሳችሁ እየመለሳችሁ አሥር። በመጨረሻ ምንም ሳትነኩ በየስድስት ደቂቃው አንድ፣ ለአንድ ሰዓት። በየረድፉ ከትልቁ ትንሹን ቀንሱና ለ3 አካፍሉ፤ መዋዠቁን ይሰጣችኋል። የመጀመሪያው ትልቅ ከሆነ ጥፋቱ የምሰሶው ወይም የመብራቱ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ከበለጠ መቀመጫውን ፈትሹ፤ አቧራ አለበት፣ ወይም ሰባተኛ ነጥብ የሚነካ ነገር አለ። በሦስተኛው ረድፍ መጠኑ ሳይለወጥ ቦታው ወደ አንድ ወገን ከሄደ ማጣበቂያው እየፈሰሰ ነው፤ ቦታው ሳይለወጥ መጠኑ ከተለወጠ ደግሞ ምሰሶው እየሞቀ ወይም እየቀዘቀዘ ነው።