የቅድመ አያቴ የፊት ሚስት

በምኖርበት በስዊድን አንድ ተራ ገበሬ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የት እንደ ተወለደ፣ ማንን እንዳገባ፣ ንባብ ያውቅ እንደ ነበር ሳይቀር ማወቅ ብርቅ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1686 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቄሶችን የምእመናን መዝገብ እንዲይዙ ስላስገደደ፣ የሥራ ባልደረባዬ የአያት ቅድመ አያቱን ኑሮ ከስልኩ ላይ ያነብልኛል። የእኔ ቅድመ አያት በምንጃር ሲያርሱ የኖሩ፣ ሹመት ያልነበራቸው ሰው ናቸው፤ ስለ እሳቸው የተጻፈው ሁሉ አዳማ፣ አክስቴ ቤት ባለ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የምንጃርን ጤፍ ሊነግዱ ወደ አዳማ የወረዱት አያቴ፣ ከአባታቸው ቤት ይዘውት የመጡት ዋናው ቅርስ የብራና ዳዊት ነበር።

በዳዊቱ መጨረሻ፣ ባዶ በተተወው ቅጠል ላይ፣ የአንድ ወልደ ሚካኤል ባለቤት «በዘመነ ማርቆስ በኅዳር 12 ቀን በዕለተ ረቡዕ» ማረፏን የሚናገር ጽሑፍ አለ። ዓመተ ምሕረት አልተጻፈበትም፤ ወልደ ሚካኤል የሚባል ሰውም በቤተሰባችን ትውልድ ቆጠራ ውስጥ የለም። ይህን የፈታልኝ አክስቴ በሙት ዓመት ለቄሱ የሚሰጡት ወረቀት ነው። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ስለሆነ አያቴ የሟቾቹን ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን ጽፈውት ኖሯል፤ ወልደ ሚካኤልም ቅድመ አያቴ ናቸው። የሚስቲቱ ስም ግን ከወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ዓመቱን ያገኘሁት በሒሳብ ነው። ዘመኑ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ስለሚዞር፣ ቅድመ አያቴ ጎልማሳ በነበሩበት ጊዜ 1878፣ 1882፣ 1886 እና 1890 ማርቆስ ነበሩ። ኅዳር ሚካኤል በእነዚህ ዓመታት የዋለው በተራቸው ዓርብ፣ ረቡዕ፣ ሰኞ እና ቅዳሜ ነው። ዕለቱና ወንጌላዊው ገጥመው የሚመለሱት በየ28 ዓመቱ ስለሆነ፣ 1854 ለእሳቸው እጅግ ይቀድማል፣ 1910 ደግሞ እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ ሴትዮዋ ያረፈችው በ1882፣ ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ በነገሡ በ17ኛው ቀን ነው። ጊዜው ክፉ ቀን ነው፤ በምጽዋ በኩል የገባው በሽታ ከብቱን ጨርሶ፣ ገበሬው ሞፈሩን ሰቅሎ፣ ሕዝቡ በረኀብ የሚያልቅበት ወቅት ነበር።

በቤታችን ሲወራ የኖረው ግን ሌላ ነው፤ የፊት ሚስታቸው ንብረት ተካፍላ ተፋታለች ይባል ነበር። የዚህ ወሬ ምንጭ ከዚያው ሳጥን በወጣው፣ በ1940ዎቹ በተሰጠ የፍርድ ግልባጭ ላይ ይታያል። የሁለቱ እናቶች ልጆች በአንድ እርሻ ሲካሰሱ፣ የፊተኛይቱ ልጆች መሬቱ የእናታችን ርስት ነው አሉ፤ የእኛ ወገን ደግሞ በፍቺ ለአባታችን የደረሰ ድርሻ ነው ሲል ተከራከረ። ምስክሮቹ «በባሏ ቤት ሳለች በክፉ ቀን ሞተች» ብለው ስለመሰከሩ ፍርዱ ለእነሱ ሆነ። እንዲህ ያለ ግልባጭ ሲነበብ እያንዳንዱ ተከራካሪ የሚናገረው ለመርታት መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ የእኛዎቹ መሬቱን ሲያጡ የፍቺውን ወሬ ይዘውት ቀሩ። ቅድመ አያቴ ዓድዋ ዘምተዋል የሚባለውን የሚደግፍ ቃል ግን ከየትኛውም ወረቀት አላገኘሁም፤ ቅድመ አያቱ ያልዘመቱ ሰውም ገና አልገጠመኝም።

አክስቴ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ የጠየቁኝ ስለ መሬቱ አልነበረም። «ታዲያ ልጄ፣ ይህን ያህል ዘመን ያለ ፍትሐት ከርማለች ማለት ነው?» አሉና ስሟን ከወረቀቱ ላይ አስጻፉኝ።

የቀረው ነገር ያለው አረርቲ፣ ከፊተኛይቱ ሚስት በሚወለዱት ዘመዶቻችን ዘንድ ነው። በ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅ መሠረት መሬቱ ለም (የለማ) ይሁን ለም ጠፍ (በከፊል የለማ) ወይም ጠፍ (ያልለማ) የተጻፈባቸው የግብር ደረሰኞች በእነሱ እጅ ናቸው፤ የካቲት 1967 መሬት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ባይጠቅሟቸውም አልጣሏቸውም። የእርሷን አባት ስም የሚያውቁትም እነሱ ብቻ ናቸው። ከታላቃቸው ጋር በስልክ ተነጋግረን ከፋሲካ በኋላ የአክስቴ ልጅ ዳዊቱን ይዞ እንዲሄድና ወረቀቶቹን አንድ ላይ እንዲያዩ ተስማምተናል።