ሰባት ኳስ በግማሽ ሰዓት

ጅማ ውስጥ ከ20 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች የተቋቋመ አንድ የእግር ኳስ ቡድን ማሠልጠን የጀመርኩት በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነበር። ቡድኑን ያቋቋመውን መሥሪያ ቤት ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱ በአብዛኛው የእኔው ስለሆነ ሌላውን መጥራት አያስፈልግም። ቡድኑን ሲያስረክቡኝ የተነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጆቹ ችሎታ አላቸው፣ ፍላጎት ግን የላቸውም» የሚል። ይህን አባባል ሳልመረምር ተቀብዬ ሁለት ወር ሙሉ ይዤው ዞርኩ።

ልምምዳችን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጀመር ነበር። በሰዓቱ ሜዳ የሚገኙት 6 ወይም 7 ናቸው፤ የቀሩት እስከ 10 ሰዓት ከሩብ ድረስ አንድ አንድ እያሉ ይንጠባጠባሉ፤ ከደረሱም በኋላ የታኬታቸውን ክር ለማሰር ጋቢ የሚሸምኑ ያህል ጊዜ ይወስዳሉ። ሩጡ ሲባሉ ይሮጣሉ፣ አቀብሉ ሲባሉ ያቀብላሉ፤ የሚነጫነጭም ሆነ የሚሳደብ የለም። ከዚያ በፊት ዐመፀኛ ተጫዋች ገጥሞኝ ያውቃል፤ ዐመፀኛ ቢያንስ የሚቆጣለት ነገር ስላለው መነጋገሪያ አይጠፋም። እነዚህ ግን ግብ ሲቆጠርባቸው እንኳ አይናደዱም፤ ኳሱን ከመረቡ አውጥተው መሃል ሜዳ ላይ ያስቀምጡና የዳኛውን ፊሽካ ይጠብቃሉ። ከሁሉም ይልቅ ያበሳጨኝ የግራ መስመር ተከላካያችን ነበር። ስናገር ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳያነሣ ያዳምጣል፣ «እሺ ኮች» ይላል፣ ከዚያም ካልኩት ነገር አንዱንም አያደርግም። «እሺ» የሚለውን ቃል የዚያን ጊዜ ያህል ጠልቼው አላውቅም።

መጀመሪያ የሞከርኩት ንግግር ነበር። የጅማ ልጅ ሆኖ ስለ ኳስ ለሚሰብክ ሰው ምሳሌ ሩቅ አይደለም፤ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን አንሥቷል። ያንን ዓመት፣ የስታዲየሙን ግርግርና የናይጄሪያዊውን አጥቂ የኦኪኪ አፎላቢን ግቦች በየሳምንቱ እየደጋገምኩ እተርክላቸው ነበር። ልጆቼ ያኔ 11 ወይም 12 ዓመት የሆናቸው፣ አጥር ተንጠላጥለው ያዩ ናቸውና ደማቸው ይሞቃል ብዬ አስቤ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የቆመ ልጅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ግን እንዲሰማ አድርጎ፣ «ያንን ዋንጫ እኮ ማክሰኞ ማክሰኞ ነው የምናነሣው» አለ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ነገር ግን ልጁ ልክ ነበር። ቡድኑ በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ መውረዱንም እኔ ሳልነግራቸው ያውቁ ነበርና ትርኢቴ ግማሹ ተቆርጦ እንደሚቀርብ ገብቷቸዋል።

ንግግሩ ሳይሠራ ሲቀር ወደ ቅጣት ዞርኩ። በጥቅምት መጨረሻ በተደረገ ጨዋታ 4 ለ 0 ተሸነፍን። ሽንፈቱ ባልከፋ፤ ሦስተኛው ግብ ሲቆጠር ግን የግራ መስመር ተከላካዩ ካልሲውን ወደ ላይ እየሳበ ነበር፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሁለቱ ደግሞ አንድ ስልክ ላይ አንገታቸውን አቀርቅረው ይስቁ ነበር። በማግስቱ አንድም ኳስ ከከረጢቱ ሳላወጣ ሜዳውን 20 ዙር አስሮጥኳቸው። የጅማ ዝናብ እንደ ሌላው አገር ደመራ ሲበራ የሚያበቃ አይደለምና ሜዳው ጭቃ ነበር፤ እያንዳንዱ እግር ሲነሣ የሚያሰማው የመጣበቅ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ማንም አላጉረመረመም። ሩጫውን ጨርሰው፣ ታኬታቸውን አውልቀው፣ እንደ ሁልጊዜው «ቻው ኮች» ብለው ሄዱ። እኔም እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ።

በቀጣዩ ልምምድ 18 ተጫዋቾች ስጠብቅ 9 ብቻ መጡ።

ለዚያ ቀን ያዘጋጀሁት ልምምድ 9 ሰው ይዞ የሚሠራ አልነበረም። ሜዳውም ግማሹ ውኃ ስላቆረ ደረቅ ሆኖ የተረፈው አንድ ጥግ ብቻ ነበር። ንዴቴ ገና ስላልበረደ ረዳቴን «ውሰድና አጫውታቸው» አልኩትና ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። እርሱ አሥረኛ ሆኖ ገባ፤ ድንጋይ ደርድረው ጎል ሠሩና 5 ለ 5 ጀመሩ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ጩኸት ሰምቼ ቀና አልኩ። የግራ መስመር ተከላካዩ፣ ያ የ«እሺ» ጌታ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ የረዳቴ ፊት ላይ ቆሞ «ገብቷል! ወላሂ ገብቷል!» እያለ ይጮኻል። ድንጋይ ላይ አግዳሚ የለምና ኳሱ በግብ ጠባቂው ራስ ላይ ያለፈው «ከፍ ብሎ ነው፣ አይደለም» የሚል ክርክር ነበር። ግብ ጠባቂው እጁን እየሰቀለ ቁመቱን ያሳያል፣ ሌላው «ስትዘል እኮ ትደርስበታለህ» ይለዋል፣ አንዱ ደግሞ ዳኝነት ፈልጎ ወደ እኔ ይመለከታል። ሁለት ወር ሙሉ ድምፁን ከሁለት ቃል በላይ ሰምቼው የማላውቀው ልጅ፣ ማንም ስለማይመዘግበው አንድ ግብ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ ነበር። የመሸሸጊያ ምክንያት ያጣሁት በዚያች ደቂቃ ነው፤ ይህ ልጅ ግድ የሌለው ቢሆን ኖሮ እዚህም ባልኖረው ነበር።

ማታ ከረዳቴ ጋር ሻይ እየጠጣን ጉዳዩን ስናነሣ እርሱ ብዙ አልተናገረም። «ኮች፣ በሚቀጥለው ልምምድ እኔ ፊሽካ አልይዝም፤ ደብተር ልያዝ» ብቻ አለኝ። ማክሰኞ ዕለት ሁሉም ሲመለሱ የተለመደውን የግብ ማግባት ልምምድ አሠራሁ፤ ልጆቹ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፣ ተራ የደረሰው ኳስ ተቀብሎ ይመታል፣ ኳሱን አምጥቶ ወደ ሰልፉ ጭራ ይመለሳል። አንዱ ምት 15 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ግማሽ ሰዓት ሲያልቅ ረዳቴ ደብተሩን ሰጠኝ፤ በግራ መስመር ተከላካዩ ስም ትይዩ 7 ጭረት ተሠርቷል። በ30 ደቂቃ ውስጥ ኳስ የነካው 7 ጊዜ ነው፤ የቀረውን ጊዜ የፊተኛውን ልጅ ማጅራት ሲያይ ቆይቷል። ስሌቱ እኮ ደብተርም አያስፈልገውም ነበር፤ 120 ምት ለ18 ሰው ሲካፈል ከዚህ አይበልጥም። ያሳፈረኝ ቁጥሩ ብቻ አልነበረም፤ ሰልፉን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ መስነፍ ብልህነት ነው፤ የሚተጋም የሚያንቀላፋም እኩል 7 ኳስ ይደርሰዋል፤ ቅዳሜ የሚሰለፉትም 11 ልጆች ከመስከረም ጀምሮ አልተለወጡም።

ይህን ለአንድ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወዳጄ ስነግረው የማላውቀውን ነገር አወራኝ። ማክሲሚልያን ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎች ገመድ ሲስቡ ጉልበታቸውን ለክቶ ውጤቱን በ1913 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳትሞ ነበር። አንድ ሰው ለብቻው ሲስብ ያወጣው ኃይል 100 ቢባል፣ ሁለት ሆነው ሲስቡ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ወደ 93 ይወርዳል፤ ስምንት ሲሆኑ ከግማሽ በታች፣ 49 ላይ ይደርሳል። ከፊሉ ስበታቸው እኩል ስለማይገጥም ነው። በ1974 በአሜሪካ የተደረገ ሙከራ ግን ዓይኑን የተሸፈነ ሰው፣ ከኋላው የቆሙት ሳይስቡ፣ ሌሎች አብረውት የሚስቡ ሲመስለው ብቻ እንኳ ጉልበቱን እንደሚቀንስ አሳየ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ እያንዳንዱ ድካሙ ለብቻው እንደሚታይ ሲያውቅ ያ ስንፍና እንደሚጠፋ አገኙ። እኔ በበኩሌ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የእኛ አባባል ይህን ሁሉ የሚቃወም መስሎኝ ተከራከርኩት። ወዳጄ ሲኒውን አስቀምጦ «የሎሚው ነገር እኮ እያንዳንዱ የያዛት ሎሚ የማን እንደሆነች መታወቋ ነው፤ አንተ የሰጠሃቸው ገመድ ነው» አለኝ።

ሎሚ ማከፋፈል የጀመርነው በኅዳር ነው። ሰልፉን ሙሉ በሙሉ አስቀረሁ። 18ቱን በ4 እና በ5 ከፋፍለን በትናንሽ ሜዳዎች ላይ እናጫውታቸዋለን፤ ረዳቴ ደብተሩን ይዞ በየቀኑ አራት ተጫዋቾችን እየመረጠ ያቀበሉትን፣ የነጠቁትንና ያስነጠቁትን ይመዘግባል። ተሸናፊው ቡድን ኮኖቹንና ኳሶቹን ይሰበስባል፤ ቅጣቱ ይኸው ብቻ ነው፣ ነገር ግን ከ20 ዙር ሩጫ ይልቅ እንደሚፈሩት ወዲያው አየሁ። ለቅዳሜው ጨዋታ ከ11ዱ መካከል ሁለት ቦታ ክፍት አደረግሁና ሁለቱን ቦታዎች የሚወስነው የሳምንቱ ደብተር እንደሚሆን ነገርኳቸው። አልዋሽም፣ ይህን ማድረግ ከበደኝ፤ ቋሚ ተሰላፊዎቹን የመረጥኩት እኔ ነኝና ደብተሩ የእኔንም ምርጫ ሊያጋልጥ ይችል ነበር፤ አንድ ጊዜም አጋለጠው። ከልምምድ በፊት እናገረው የነበረውን ንግግርም አሳጠርኩት። ረዳቴ በሰዓቱ ለክቶ 12 ደቂቃ እንደምናገር ሲነግረኝ አላመንኩትም፤ በማግስቱ ራሴ ለካሁት፣ 14 ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሁሉ ግን ለሁሉም አልሠራም፤ ምክንያቱም ግድየለሽነት ብዬ በአንድ ስም የጠራሁት ነገር አንድ አልነበረም። አማካያችን በትንሹ ሜዳም ላይ እግሩን ይጎትት ነበር። ቀደም ሲል በሁሉም ፊት «ሰነፍ» ብዬው ነበር። ለብቻው ጠርቼ ስጠይቀው፣ ወቅቱ ቡና የሚገባበት በመሆኑ ሌሊት ሌሊት አንድ መጋዘን ውስጥ ጆንያ እንደሚጭን፣ ወደ ቤት የሚገባው ሲነጋጋ እንደሆነ፣ ወደ ልምምድ የሚመጣውም ሦስት ወይም አራት ሰዓት ተኝቶ እንደሆነ ነገረኝ። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «አልጠየቁኝማ» አለኝ። የሰደብኩት በሁሉም ፊት ስለነበር ይቅርታ የጠየቅሁትም በሁሉም ፊት ነው። ቡና እስኪያልቅ ድረስ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንዲመጣ ተስማማን። ሁለተኛው ግብ ጠባቂያችን ደግሞ ኳስ ጭራሽ አይወድም ነበር፤ የሚወዱለት መርካቶ ሱቅ ያላቸው አባቱ ናቸው። አባትየውን ሄጄ ማነጋገር ነበረብኝ። ሻይ አዘውልኝ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሰሙኝና «እርስዎ ከሚያዩት እኔ የማየው ይበልጣል ብዬ ነበር» አሉኝ። ልጁ አሁን ስልክ ይጠግናል፤ የእኔንም መስታወት የቀየረልኝ እርሱ ነው።

ያን ዓመት ዋንጫ አላነሣንም፤ በደረጃ ሰንጠረዡ መካከል ላይ ጨረስን። የሚያረፍዱት ልጆች ቁጥር ግን ቀነሰ፤ ከዚህ በላይ ተለወጠ ብዬ በእርግጠኝነት የምናገረው የለኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ በጥር ወር፣ ልምምድ ጨርሰን ኮኖቹ ተሰብስበው፣ ሜዳው እየጨለመ ሳለ የግራ መስመር ተከላካዩ ታኬታውን በእጁ እንደያዘ ከኋላ ተከተለኝ። ፊቱ ተቋጥሮ ነበር።

«ኮች፣ ትናንት የነጠቅሁት 16 ተብሎ ነው የተጻፈው። 17 ነው።»

ረዳቴን ጠራሁት። ደብተሩን ገለጠ፣ በስልኩ መብራት ጭረቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረና 16 ነው ብሎ ድርቅ አለ። ልጁ ኳሷን የነጠቀበትን ቦታ፣ ከማን እግር ሥር እንደነጠቃትና ለማን እንዳቀበላት እየዘረዘረ በባዶ እግሩ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ያሳየን ጀመር፤ ሦስታችንም እዚያው ጨለማ ውስጥ ቆመን ተከራከርን።